ለጀማሪ አሽከርካሪ ባለ ሽፋን ወይስ ሽፋን አልባ ሞተር ሳይክል? የሸኮና የአካባቢው መንገድ፣ ዝናብና ጥገና እንደ መመዘኛ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጥናት በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መካከል በሚገኘው የሸኮ ቡና አብቃይ ምድር ሞተር ሳይክል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ባለ ሽፋን ወይም ሽፋን አልባ ከሚባሉት ዓይነቶች የትኛው እንደሚበጀው ይመረምራል። ለዚህም የነፋስ ግፊትን ስሌት፣ የአካባቢውን መንገድና የአየር ጠባይ፣ የጥገና ሁኔታን እንዲሁም ቀደም ሲል የታተመ የአደጋ ጥናትን በማነጻጸር ይጠቀማል። የሽፋን ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ ጉዳቱ ግን በዝግታ፣ በጭቃና በመውደቅ ጊዜ ይወጣል። ጀማሪ ሙያውን የሚማረው በዚሁ በዝግታና በመውደቅ ወቅት በመሆኑ፣ በአካባቢው ሽፋን አልባው ተመራጭ ሆኖ ተገኝቷል።

1. መግቢያ

የሸኮ ወረዳ በቤንች ሸኮ ዞን የሚገኝ ሲሆን፣ ዞኑ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ነው። አካባቢው በደን ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና፣ በማር፣ በእንሰትና በሙዝ ይታወቃል። በዙሪያው የበበቃና የቴፒ የቡና እርሻዎች ይገኛሉ፤ ቴፒ ከቡናም በላይ በቅመማ ቅመም ምርምሯ ስም ያላት ከተማ ናት። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ መኸር መግቢያ ድረስ መሬቱ ደርቆ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ ኮረኮንች፣ ቀይ አፈር ወይም በቡና ተክል መካከል የሚያልፍ የእግር ዱካ ነው።

በእንዲህ ዓይነት መልክዓ ምድር ሞተር ሳይክል የመዝናኛ ዕቃ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ቡና ሰብሳቢው፣ የግብርና ልማት ሠራተኛው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ሰው በማመላለስ የሚተዳደረው ወጣት ሁሉም መኪና በማይደርስበት መንገድ ላይ ይጠቀሙበታል። የቡና ለቀማ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ይበረታል። የሰብሳቢው ሞተር ሳይክል በጥቅምት ተሰብሮ መለዋወጫ እየጠበቀ አንድ ወር ቢቆም፣ የቀረበት ገቢ የዓመቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ ምርጫ የአካል ደኅንነትንም የቤተሰብን ገቢም የሚነካ ውሳኔ ነው።

ሆኖም ገዢው ሲመርጥ በቅድሚያ የሚመራው ዓይኑ ነው። በስልክ ምስሎችና በፊልሞች የሚታየው ሞተር ሳይክል ከፊት እስከ ጎን በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። ይህን የለመደ ወጣት ሞተሩና ሽቦው ተጋልጦ የሚታየውን ዓይነት ያልተሟላ ወይም የርካሽ ገበያ ዕቃ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ጥናቱ ይህ ግምት በሸኮ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ይፈትሻል።

2. የሁለቱ ዓይነቶች ምንነትና አመጣጥ

ባለ ሽፋን የሚባለው የፊት መብራቱን፣ የሞተሩን ጎኖችና የአሽከርካሪውን እግሮች በከፊል ከነፋስ የሚጋርድ ቅርጽ ያለው ልባስ የተገጠመለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ መሪው ዝቅ ያለ፣ የእግር መርገጫው ወደ ኋላ የተሳበ በመሆኑ አሽከርካሪው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። ሽፋን አልባው ሞተሩና አጽመ ብረቱ ተጋልጦ የሚታይ፣ መሪው ሰፋና ከፍ ያለ፣ አሽከርካሪው ቀጥ ብሎ የሚቀመጥበት ነው። በአካባቢው ገበያ የተለመዱት የባጃጅ ቦክሰርና የቲቪኤስ አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች በዚህ ወገን ይመደባሉ።

ሽፋን የተወለደው ከእሽቅድምድም ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ተወዳዳሪዎች የፊት ጎማን ጭምር የሚውጥ ሰፊ ሽፋን ይጠቀሙ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሽፋን በጎን ነፋስ ስለሚናወጥ ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ከ1957 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን በኋላ ከለከለው። ሙሉ ሽፋን በፋብሪካ ተገጥሞ በብዛት ለገበያ የቀረበው በ1976 እ.ኤ.አ. ቢኤምደብሊው ባወጣው አር 100 አርኤስ በተባለው ሞተር ሳይክል ሲሆን፣ ቅርጹ የተፈተነው በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ ነበር። ዓላማውም በጀርመን አውራ ጎዳናዎች ላይ ለረጅም ሰዓት በከፍተኛ ፍጥነት የሚጓዝን ሰው ከነፋስ ድካም መጠበቅ ነው።

ሽፋን አልባው ዳግመኛ ክብር ያገኘበት መንገድም ትምህርት ሰጪ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባለ ሽፋን የስፖርት ሞተር ሳይክሎች በአውሮፓ ሲስፋፉ፣ ወድቀው ፕላስቲኩን የሰበሩ ባለቤቶች የሽፋኑ ዋጋ ስለከበዳቸው ስብርባሪውን ፈትተው ያለ ሽፋን መንዳት ጀመሩ። ከዚህ ልማድ አንድ የሞተር ሳይክል ዘይቤ ወጣ፤ ዱካቲ በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ሞንስተርም ገላጣው ሞተር በራሱ ውበት እንዳለው አሳየ። ሽፋን የሌለው ሞተር ሳይክል ያልተሟላ ሳይሆን ለሌላ ዓላማ የተሠራ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

3. የነፋስ ስሌት

የሽፋን ቀዳሚ ተግባር የነፋስን ግፊት መቀነስ ነው። ግፊቱ በፍጥነት ካሬ ያድጋል፤ ያንን ግፊት ለማሸነፍ የሚጠየቀው ጉልበት ደግሞ በፍጥነት ኪዩብ ያድጋል። ፍጥነት ከ40 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጨምር ግፊቱ ወደ 6 እጥፍ፣ የሚፈለገው ጉልበት ደግሞ ከ15 እጥፍ በላይ ይሆናል።

ይህን በአካባቢው ሁኔታ ለማስላት የሚከተሉት ግምቶች ተወስደዋል። ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1400 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ እፍጋት በኪዩብ ሜትር ወደ 1.05 ኪሎ ግራም ይሆናል። የፊት ለፊት ስፋቱና የቅርጽ መለኪያው ተባዝተው ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ የሽፋን አልባ አሽከርካሪ 0.6 ካሬ ሜትር፣ ለባለ ሽፋኑ 0.4 ካሬ ሜትር ተይዟል።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፦ ሽፋን አልባው ነፋስን ለማሸነፍ ወደ 430 ዋት፣ ባለ ሽፋኑ ወደ 290 ዋት ይጠይቃል። ልዩነቱ ወደ 140 ዋት፣ ማለትም ከአንድ ፈረስ ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፦ ሽፋን አልባው ወደ 6,750 ዋት፣ ባለ ሽፋኑ ወደ 4,500 ዋት ይጠይቃል። ልዩነቱ ወደ 2,250 ዋት፣ ማለትም 3 ፈረስ ጉልበት ያህል ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ለአነስተኛ ሞተር ትልቅ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ግን በማርሽ አያያዝ ወይም በጎማ አየር ማነስ ብቻ የሚጠፋ መጠን ነው። በቡና ማሳ መካከል፣ በኮረኮንችና በዳገት ላይ የሚነዳ ሰው ፍጥነቱ ከ40 ኪሎ ሜትር በታች በመሆኑ፣ ለሽፋኑ የከፈለው ገንዘብ በነፋስ በኩል የሚመልስለት ጥቅም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ከዝናብ መጠለልም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በፍጥነት በሚጓዝ ሰው ላይ ዝናብ ከፊት ስለሚመጣ ሽፋን ደረቱን ይጋርዳል። በዝግታ በሚጓዝ ሰው ላይ ግን ዝናብ ከላይ ይወርዳል፤ ጭቃው ደግሞ ከጎማው ሥር ይረጫል። ከላይ ለሚወርደው የሚያስፈልገው የዝናብ ልብስ፣ ከሥር ለሚረጨው ደግሞ ሰፊ ፓራፋንጎ ነው።

4. ዝግታ፣ ጭቃና ጭነት

ሞተር ሳይክል በፍጥነት ሲጓዝ የጎማዎቹ መሽከርከርና የመሪው ራሱን የማስተካከል ባሕርይ ሚዛኑን ይጠብቁለታል። በእግረኛ ፍጥነት ሲሄድ ግን ሚዛኑን የሚጠብቀው አሽከርካሪው ነው፤ ይህንም የሚያደርገው በመሪው፣ በፍሪሲዮኑና በሰውነቱ ነው። ስለዚህ በዝግታ መንዳት ለጀማሪ ከፍጥነት ይልቅ ይከብዳል። በዚህ ረገድ በሁለቱ ዓይነቶች መካከል አራት ልዩነቶች ይታያሉ።

የመጀመሪያው የመሪው ስፋትና የሚዞርበት መጠን ነው። ሰፊ መሪ ለእጅ ተጨማሪ ጉልበት ስለሚሰጥ የፊት ጎማ በቦይ ውስጥ ሲንሸራተት ለመመለስ ይቀላል። በባለ ሽፋኑ ላይ መሪው ጠባብ ከመሆኑም በላይ ከሽፋኑና ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ጋር እንዳይጋጭ የሚዞርበት ማዕዘን ይወሰናል። በጠባብ ዱካ ላይ መመለስ የፈለገ ጀማሪ ደጋግሞ ወደ ኋላና ወደ ፊት ለመግፋት ይገደዳል።

ሁለተኛው የመብራት ጉዳይ ነው። በሽፋን አልባው ላይ የፊት መብራቱ ከመሪው ጋር ስለሚዞር አሽከርካሪው ወደሚታጠፍበት ያበራል። በባለ ሽፋኑ ላይ መብራቱ በሽፋኑ ውስጥ ከአጽመ ብረቱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ መሪው ቢዞርም መብራቱ ቀድሞ ወደነበረበት አቅጣጫ ያያል። የመንገድ መብራት በሌለበትና ዛፍ በጋረደው መንገድ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ለሚጓዝ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ጭቃ ነው። የሸኮ ቀይ አፈር ሲረጥብ ከጎማ ላይ ተጣብቆ ይወፍራል። ፓራፋንጎው ለጎማው ተጠግቶ የተገጠመ ከሆነ ጭቃው በመካከል ታጭቆ ጎማውን ያንቃል፤ የታነቀ የፊት ጎማ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ይጥላል። የባለ ሽፋን የስፖርት ሞተር ሳይክሎች ፓራፋንጎ ለነፋስ ሲባል ከጎማው ጋር የተቀራረበ ነው። በተጨማሪም ብዙዎቹ በውኃ የሚቀዘቅዙ በመሆናቸው ራዲያተራቸው ከፊት ጎማ በስተኋላ፣ ጭቃ በሚረጭበት ቦታ ላይ ይገኛል። ራዲያተሩ በጭቃ ሲደፈንና ዳገት ላይ ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ይግላል። በአየር የሚቀዘቅዘው አነስተኛ ሞተር ግን ክንፎቹ ፊት ለፊት ስለሚታዩ በእንጨትና በውኃ ይጸዳል።

አራተኛው ክብደትና ጭነት ነው። ለማነጻጸር የሚመቹት አንድ ፋብሪካ በአንድ ዓይነት 199.5 ሲሲ ሞተር ላይ የሠራቸው ሁለት ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ባለሦስት እግሯን ተሽከርካሪ በስሙ የምንጠራው የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ፐልሰር ኤንኤስ 200 የተባለውን ሽፋን አልባ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ ፐልሰር አርኤስ 200 የተባለውን ባለ ሽፋን ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. አወጣ። የመጀመሪያው በመነሻ ሥሪቱ ወደ 145 ኪሎ ግራም፣ ሁለተኛው ወደ 165 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ልዩነቱ ሁሉ የሽፋኑ ባይሆንም፣ ከጭቃ ውስጥ ለሚያነሳው ጀማሪ 20 ኪሎ ግራም 20 ኪሎ ግራም ነው። በላዩ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ጆንያ ቡና ከኋላ ሲጫን የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይላላል። ወደ ኋላ ከፍ ያለውና አጭሩ የስፖርት መቀመጫ ለዚህ ዓይነት ጭነት አልተሠራም፤ የሥራ ሞተር ሳይክል ግን ረጅም መቀመጫና የብረት ጭነት መያዣ ይዞ ይመጣል።

5. መውደቅና ጥገና

ጀማሪ ይወድቃል። አብዛኛው አወዳደቅ ቆሞ ሳለ ወይም በዝግታ ሲሄድ የሚደርስ፣ ሰውን ብዙም የማይጎዳ ነው። ጥያቄው ከአወዳደቁ በኋላ ሞተር ሳይክሉ በማግስቱ ሥራ ይገባል ወይ የሚለው ነው።

ሽፋን አልባው በጎኑ ሲወድቅ በመጀመሪያ መሬት የሚነኩት የመሪው ጫፍ፣ የፍሬን ወይም የፍሪሲዮን እጀታ፣ መስታወቱ፣ የአቅጣጫ መብራቱና የእግር መርገጫው ናቸው። እያንዳንዱ በብሎን የታሰረ የተናጠል ዕቃ ነው። የተጣመመው ይቃናል፣ የተሰበረው ብረት ይበየዳል ወይም በሌላ ይተካል፤ ሞተሩን ለመጠበቅም መከላከያ ብረት በቀላሉ ይገጠምለታል። በባለ ሽፋኑ ላይ ከእነዚህ በተጨማሪ ሰፊው የፕላስቲክ ጎን ይሰነጠቃል፣ ማያያዣ ጥርሶቹ ይረግፋሉ። ፕላስቲክ እንደ ብረት በአካባቢ ብየዳ አይመለስም፤ ጥርሱ የረገፈ ሽፋንም በኮረኮንች ላይ እየተንቀጠቀጠ ሽቦ ይፍቃል፣ ሌላውንም ክፍል ይሰነጥቃል።

የዕለት ተዕለት እንክብካቤም ይለያያል። ጀማሪ ማሽኑን የሚያውቀው በዓይኑ በማየት ነው፤ ዘይት ሲያልብ፣ ሽቦ ሲላላ፣ ብሎን ሲፈታ በገላጣው ሞተር ላይ ወዲያው ይታያል። ካንዴላ ለማጽዳት አንድ መፍቻ ይበቃል። በሽፋን ሥር ያለ ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ ሽፋኑ ሳይፈታ አይታይም። ትንሹ የዘይት መፍሰስ ሳይታይ ቆይቶ ትልቅ ብልሽት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ መለዋወጫ የሚገኘው ብዙ ሰው በሚነዳው ዓይነት ዙሪያ ነው። በሚዛንና በቴፒ ጋራዦች መካኒኩ እጁ የለመደው ሽፋን አልባውን የሥራ ሞተር ሳይክል ስለሆነ፣ ያንን የገዛ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ዕውቀት አብሮ ይገዛል።

6. ተቃራኒ ማስረጃና ምርመራው

ለባለ ሽፋኑ የሚቆም አንድ ከባድ ማስረጃ አለ። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሃሪ ኸርት መሪነት ተሠርቶ በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በደረሱበት ቦታ ተገኝቶ መርምሯል። ከውጤቶቹ አንዱ ሽፋን ወይም የነፋስ መከላከያ መስታወት ያላቸው ሞተር ሳይክሎች በመንገድ ላይ ካላቸው ብዛት አንጻር በአደጋ ውስጥ በአነስተኛ ቁጥር መገኘታቸው ነው። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ሽፋን ደኅንነት ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ይሁን እንጂ ጥናቱ ራሱ ለዚህ የሰጠው ምክንያት ሁለት ነው፤ ሽፋን ያለው ሞተር ሳይክል ከፊት ለሚመጣው አሽከርካሪ ጎልቶ ይታያል፣ የሚነዱትም ይበልጥ ልምድና ሥልጠና ያላቸው ናቸው። ሁለተኛው ምክንያት ለጀማሪ አይሠራም፤ ሽፋን ሲገዛ ልምድ አብሮ አይመጣምና። የመጀመሪያው ግን እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ይኸው ጥናት የፊት መብራትን በቀን ማብራትና ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቀይ ጃኬት መልበስ አደጋን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ሽፋን የሚሰጠው የመታየት ጥቅም ያለ ሽፋንም በርካሽ ሊገኝ ይችላል።

ሌሎች ውጤቶቹ ደግሞ የዚህን ጽሑፍ ፍሬ ነገር ያጠናክራሉ። ከአደጋው አስቀድሞ የነበረው መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በግጭቱ ቅጽበት የነበረው ደግሞ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ይህም ሽፋን የነፋስ ጥቅም በማይሰጥበት ፍጥነት ነው። አደጋ ከደረሰባቸው አሽከርካሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያ ሞተር ሳይክል ላይ ከ5 ወር ያነሰ ልምድ ነበራቸው፤ 92 በመቶው ደግሞ መንዳትን የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር። ሎስ አንጀለስና ሸኮ በመንገድም በትራፊክም አይመሳሰሉም፤ ነገር ግን አዲስ አሽከርካሪ ለማያውቀው ማሽን እንግዳ መሆኑ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው።

7. ባለ ሽፋኑ የሚመረጥበት ሁኔታ

ከላይ የተባለው ሁሉ ባለ ሽፋኑ የትም አያገለግልም ማለት አይደለም። ሥራው በአስፋልት ላይ ብቻ የሆነ፣ ለምሳሌ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን የሚዛንና የጅማ መንገድ በየጊዜው የሚመላለስ ሰው፣ በክፍል 3 የታየውን የነፋስ ልዩነት በድካሙም በነዳጁም ይሰማዋል። ይህ ሰው ግን በመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ያለ ጀማሪ ባይሆን ይመረጣል። በመካከል ያለው መፍትሔ በሽፋን አልባው ላይ ትንሽ የነፋስ መከላከያ መስታወት ማስገጠም ነው፤ ደረትን ይጋርዳል፣ ቢሰበርም ሞተር ሳይክሉን ከሥራ አያቆምም።

8. መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

በሸኮና በአካባቢው የሽፋን ጥቅም የሚገኘው ጀማሪው በማይነዳበት ፍጥነት ላይ ነው፤ ወጪው የሚመጣው ደግሞ በየቀኑ በሚያልፍበት ጭቃ፣ መታጠፊያና አወዳደቅ ላይ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ግዢ ሽፋን አልባ፣ ቀላል፣ በአየር የሚቀዘቅዝና በአካባቢው መካኒክ የሚታወቅ ሞተር ሳይክል ይመከራል። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች ቀርበዋል።

1. ገዢው ከመክፈሉ በፊት መቀመጫው ላይ ተቀምጦ የሁለቱም እግሮቹ መዳፍ መሬት መርገጡን ያረጋግጥ። ይህ በተለይ ቁመታቸው አጠር ላለ ወንዶችና ሴቶች ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ ወሳኝ ነው።

2. በፊት ጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጣቶችን አስገብቶ ይለካ፤ ሁለት ጣት የማያስገባ ክፍተት ለሸኮ ጭቃ አይበቃም።

3. የፍሪሲዮን እጀታ፣ የእግር መርገጫና ካቴና በሚዛን ወይም በቴፒ መገኘታቸውን አስቀድሞ ይጠይቅ።

4. በሁለቱ ዓይነቶች ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ለጥሩ ሄልሜት፣ ለደማቅ ጃኬትና ለሞተር መከላከያ ብረት ያውል። ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለው የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህን ያህል ጥበቃ የሚሰጥ ሽፋን የለም።

5. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ጭነትና ያለ ተሳፋሪ፣ በደረቅ መንገድና በቀን ይለማመድ፤ መብራቱን ግን በቀንም ያብራ።

6. የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች በደረቅ ሜዳ ከሚሰጡት ልምምድ በተጨማሪ በእርጥብ አፈር ላይ በዝግታ መታጠፍን፣ ቁልቁለት መውረድንና ጭነት ይዞ ማቆምን ቢያካትቱ ለአካባቢው እውነታ የተስማማ ሥልጠና ይሆናል።

አዲስ አሽከርካሪ ከሁለት ዓመት ልምድ በኋላ የሚያስፈልገውን ራሱ ያውቀዋል፤ ያኔ ባለ ሽፋኑን ቢመርጥ ምርጫው በዕውቀት ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን የሚያስተምረው፣ ሲወድቅ በቀላሉ የሚነሣውና በማግስቱ ቡና ጭኖ የሚወጣው ሞተር ሳይክል የበለጠ ያዋጣዋል።